አፋችንን ፈታን፣ እጃችን ግን እንደታሰረ ነው

ዛሬም ናሽናል ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ከፊቴ 40 የሚሆን መኪና ተደርድሯል። ፖለቲካ የጠበቃችሁ ይቅርታ፤ የዛሬው ስለ እንግሊዝኛ ነው። ስለሚነገረው ሳይሆን ስለሚጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የሚቆጣም አይጠፋም፤ ይቆጣ።

ነገሩ ይኼ ነው። እዚህ አገር 10፣ 15፣ 20 ዓመት ኖረናል። አፋችንን ፈተናል። ከተሳፋሪ ጋር ስለ ምርጫ እንከራከራለን፣ ስለ ቅርጫት ኳስ እናወራለን፣ ፖሊስ ሲያስቆመን አስረድተን እናልፋለን። ነገር ግን «ይህን በጽሑፍ አስረዳ» ሲሉን እጃችን ይርዳል። ግማሽ ገጽ ለመጻፍ ሰው እንፈልጋለን። ሰው ስናጣ ዝም ብለን እንከፍላለን። ይህን ደግሞ ለማንም አንናገርም። እኔ የምለው፣ ይህ መደበቃችን ገንዘባችንን፣ ክብራችንን፣ ከዚያም አልፎ ልጆቻችንን እያስከፈለን ነው። ትልቅ ሰው ወደ ክፍል ተመልሶ ሰዋስው፣ ስፔሊንግና ሥርዓተ ነጥብ መማር አለበት። የሚያሾፍበት ሰው ደግሞ አደብ መግዛት አለበት።

ከሌላ ሰው አልጀምርም፣ ከራሴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊት ላይ አንዲት ተሳፋሪ ከዩ ስትሪት አሳፍሬ ሲልቨር ስፕሪንግ አደረስኩ። ሜትሩ 31 ዶላር አለ። «መንገድ አዙረህብኛል፣ አልከፍልም» ብላ በሩን ወርውራ ሄደች። እንዲህ ዓይነት ነገር በዚህ ሥራ ያለ ነው፤ ትቼው ወደ ቤቴ ገባሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ለካ እሷ ቀድማኝ ከስሳለች። ወደምፈልግበት አልወስድም ብሎ መንገድ ላይ ጣለኝ ብላለች። መልስህን በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቅርብ ይላል።

እኔም እዚሁ ሰልፍ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ ጻፍኩ። እውነቱ ከእኔ ጋር ስለሆነ ምንም አልፈራሁም። ከጻፍኩት ውስጥ አንዷን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በቃሌ እይዛታለሁ፦ «አይ ሪፊውዝድ ዘ ፓሴንጀር ፎር ዘ መኒ ኤንድ ሺ ጎ።»

በልቤ ያለው «ተሳፋሪዋ ገንዘቡን ከለከለችኝና ሄደች» ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን «በገንዘብ ምክንያት ተሳፋሪዋን እምቢ አልኳት» ነው። በዚህ ሥራ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ተሳፋሪን አልወስድም ማለት ትልቅ ጥፋት ነው። እሷ የከሰሰችኝም በዚሁ ነው። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ፣ በፊርማዬ አመንኩላት።

ቀጠሮው ቀን ጉዳዩን የሚያየው ሰውዬ ክፉ አልነበረም። ያችን ዓረፍተ ነገር አነበበልኝና «አንተ ነህ የጻፍከው?» አለኝ። አዎ አልኩ። አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ወይ የሚለው ቦታ ላይ «አልፈልግም» ብዬ ሞልቼ ነበር። እንዴት እፈልጋለሁ? 16 ዓመት አሜሪካ የኖርኩ ሰው! በቃል ላስረዳው ሞከርኩ፣ ረጅም ጊዜ አዳመጠኝ፣ መጨረሻ ላይ ግን ፋይሉን ጠቁሞ በጽሑፍ ያለው ይኼ ነው አለኝ። 500 ዶላር ቅጣትና 15 ቀን ከሥራ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ አባቶቻችን? እኔ የወረስኩት ጥፋት ነው።

ያን ቀን የተናደድኩት በሴትዮዋ ነበር። ማታ ግን የውሳኔው ደብዳቤ ላይ ያልገባኝ ቃል ነበረና ለልጄ ሰጠኋት። ያኔ 11 ዓመቷ ነው። እስከ መጨረሻው አነበበችና ቀና ብላ «ዳዲ፣ ለምንድን ነው ሴትዮዋን እምቢ ያልካት?» አለችኝ። ወገኖቼ፣ 500 ዶላሩ ይረሳል። ይህ ጥያቄ አይረሳም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ምን ተፈጠረ? ደደብ ስለሆንኩ ነው? አይደለም። በአማርኛ እያሰብኩ ስለጻፍኩ ነው። አማርኛ «ከለከለችኝ» ሲል በአንድ ቃል ጉዳዩን ጨርሷል፤ ማን እንደከለከለና ማን እንደተከለከለ እዚያው ግሡ ውስጥ አለ። «ተሳፋሪዋ ገንዘቡን ከለከለችኝ» ብትል፣ «ገንዘቡን ተሳፋሪዋ ከለከለችኝ» ብትል ትርጉሙ አይናጋም። እንግሊዝኛ ግን ይህ የለውም። ከግሡ ፊት የቆመው ነው አድራጊው። እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤትስ አልተማርክም ወይ የሚል ይኖራል። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። አክቲቭ ቮይስን ወደ ፓሲቭ ቮይስ መቀየር እንደ ውሃ ነበር የምጠጣው። ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ፓስት ፐርፌክት፣ ሪፖርትድ ስፒች ስማቸውን አንድ በአንድ እጠራላችኋለሁ። እኛ የተማርነው ግን ከአራት ምርጫ አንዱን ማጥቆር ነው። ክፍላችን ውስጥ 80 ተማሪ ነበርን። የትኛው መምህር ነው 80 ድርሰት በየሳምንቱ የሚያርመው? መምህራኖቼን አልወቅስም። ብቻ እውነቱን እንናገር፤ የግራመርን ስም ይዘን መጣን እንጂ ግራመርን ይዘን አልመጣንም። የራሳችንን ጉዳይ በራሳችን ቃል ጽፈን ሳናውቅ ነው አውሮፕላን የተሳፈርነው።

እዚህ ከመጣን በኋላስ? ብዙዎቻችን መጨረሻ የጻፍነው እንግሊዝኛ የዜግነት ፈተና ላይ ያለችውን አንዷን ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት ዕድል ይሰጡሃል፣ አንዱን ጽፈህ ካለፍክ አለቀ። ስፔሊንግ ብትስት፣ ነጥብ ብትረሳ ትርጉሙ እስካልጠፋ ድረስ ያሳልፉሃል። መልካም ነገር ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን እኛ ያን ቀን ባንዲራ ይዘን ፎቶ ተነሥተን «እንግሊዝኛ አለፍኩ» ብለን ዘጋነው። ኢንሹራንስ፣ ባንክ፣ የቤት አከራይና የቅጣት ቢሮ ሦስት ዕድል አይሰጡህም።

ይህን ሰልፍ ላይ ስናወራ የማልሰማው ሰበብ የለም። እያንዳንዱን ልመልስ።

አንደኛው «ዕድሜዬ አልፏል» ነው። ይህን የሚለኝ ሰው በ2008 ዲሲ ከዞን ወደ ሜትር ስትቀየር ሥራውን እንደ አዲስ የተማረ ሰው ነው። ጂፒኤስ ሳይኖር የከተማዋን አደባባይና የውስጥ መንገድ በጭንቅላቱ የያዘ ሰው ነው። ስልክ ላይ የማይከፍተው አፕ የለም። ይህ ጭንቅላት «ዲድ» ካለ በኋላ ግሡ እንደማይቀየር መያዝ ያቅተዋል? ያቃተው ማፈሩ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው እኮ ለሕፃን አይደለም፤ ሕፃን አይጠመጥምም።

ሁለተኛው «ልጄ ይጽፍልኛል» ነው። ይህኛው በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ወዳጄ የቤት ኪራይ ዘግይቶበት ለአከራዩ የሚላከውን ኢሜይል 12 ዓመት የሆነውን ልጁን አስጻፈው። «አባቴ በዚህ ወር ገንዘብ የለውም፣ እባክዎ ጊዜ ይስጡን» ብሎ የጻፈው ልጁ ነው። ኢሜይሉ ሠራ፣ አከራዩ ጊዜ ሰጠ። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማ ግዛልኝ ብሎ አያውቅም። ወዳጄ ይህን ያወቀው ልጁ እግሩ ቆስሎ ከትምህርት ቤት ሲደወልለት ነው። ልጆቻችን ቋንቋ ስለቻሉ ብቻ የእኛን ዕዳ፣ የእኛን ክስ፣ የእኛን በሽታ በትከሻቸው ተሸክመው እንዲያድጉ ማን ፈቀደልን? ልጅ ለአባቱ ስፔሊንግ ቢያርም ደስ ይላል። ልጅ የአባቱ ጠበቃ ሲሆን ግን ቤቱ ተገልብጧል።

ሦስተኛው «ስልኩ ይጽፍልኛል» ነው። ዘመኑ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ስሙኝ። ባለፈው ዓመት የዚያን የድሮ ጉዳይ ታሪክ ለሙከራ በአማርኛ ነገርኩትና በእንግሊዝኛ ደብዳቤ አድርግልኝ አልኩት። ያማረ ነገር ጻፈልኝ። መሐል ላይ «ተሳፋሪዋን በትሕትና ለማረጋጋት ደጋግሜ ሞከርኩ» ይላል። መቼ ሞከርኩ? አፌን ከፍቼ ነው ያየኋት። ይህን ፈርሜ ብልክና ቀጠሮ ቀን «ምን ብለህ አረጋጋሃት?» ብባል ምን እላለሁ? ስልኩ መኪናው ውስጥ አልነበረም። የተጻፈውን ቃል በቃል አንብበህ ማረም ካልቻልክ፣ የምትፈርመው የሌላ ሰው ምስክርነት ላይ ነው። ስልኩን እንደ መዝገበ ቃላት፣ እንደ አራሚ ተጠቀምበት። ምስክር ግን አታድርገው።

አራተኛው «የራሳችን ፊደል እያለን ለፈረንጅ ቋንቋ ለምን እንጨነቃለን?» የሚለው ነው። ይህን የሚጽፍልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የሚጽፍልኝ! ወንድሜ፣ ፊደላችን ያኮራኛል። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሀ ሁ እንድትማር የማመላልሳት እኔ ነኝ። ግን ኩራት ክስ አይመልስም። በነገራችን ላይ ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ታግለው ያገኙልን መብት ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እኔ በትዕቢት ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው የተቀጣሁት። እንግሊዝኛ መማርና አስተርጓሚ መጠየቅ አይጣሉም። እንዲያውም አስተርጓሚው የተናገርከውን በትክክል እንዳስተላለፈ የምታውቀው አንተ ስትችል ነው።

አሁን ደግሞ ለአሿፊዎች። እናንተ ታውቃላችሁ ማን እንደሆናችሁ። አንድ ወንድማችን በእንግሊዝኛ ኮሜንት ሲጽፍ ስህተቱን ፎቶ አንሥታችሁ በየግሩፑ የምትበትኑ። ስብሰባ ላይ አንድ አባት «ሂ ጎ» ሲሉ የምትሳሳቁ። የአገራችን ትልቁ በሽታ ይኼ ነው፤ እንግሊዝኛን እውቀት አድርገነዋል። እንግሊዝኛ እውቀት አይደለም፣ መሣሪያ ነው፤ እንደ ክሪክ። ጎማ ሲተነፍስብህ ክሪክ ከሌለህ መንገድ ላይ ትቀራለህ፣ ስላለህ ግን ጎበዝ ሾፌር አይደለህም። የምትስቁባቸው ሰዎች እቤታቸው በአማርኛ ሲናገሩ ዳኛ የሚያስታርቁ ናቸው። ደግሞ የእናንተንም አይቼዋለሁ፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። «ዩር» የሚለውን ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሳትለዩ ነው ሰው የምታርሙት። ስንት ሰው በእናንተ ሳቅ ምክንያት እጁን አጥፎ እንደተቀመጠ ብታውቁ ታፍሩ ነበር።

«ነጠላ ሰረዝ ምን ያደርግልኛል?» ለምትሉ ደግሞ የሾፌሮች ታሪክ ልንገራችሁ፤ የእኛው ሙያ ነው። ሜይን በምትባለው ግዛት ኦክኸርስት የሚባል የወተት ድርጅት አለ። ወተት የሚያመላልሱት ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባናል ብለው ከሰሱ። የግዛቱ ሕግ ትርፍ ሰዓት የማይከፈልባቸውን ሥራዎች ይዘረዝራል፤ ማቀዝቀዝ፣ ማድረቅ፣ ማከማቸት እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ይላል። «ሺፕመንት» ከሚለው ቃል በኋላ ነጠላ ሰረዝ የለም። ድርጅቱ «ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እናንተ አከፋፋዮች ናችሁ፣ አይከፈላችሁም» አለ። ሾፌሮቹ «የለም፣ ነጠላ ሰረዝ ስለሌለ የሚለው ለመላክም ሆነ ለማከፋፈል ማሸግን ነው፣ እኛ ደግሞ አናሽግም» አሉ። መጀመሪያ ለድርጅቱ ተፈረደ። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሕጉ አሻሚ ነው፣ አሻሚ ከሆነ ደግሞ ለሠራተኛው ይተረጎማል ብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደ። በ2018 ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ግዛቱም በኋላ ሕጉን ሲያሻሽል በዝርዝሩ ላይ ነጠላ ሰረዞቹን በድርብ ሰረዝ ተካ። አምስት ሚሊዮን ዶላር ነው ወገኖቼ፣ ከወረቀት ላይ በጎደለች አንዲት ጭረት! እንግዲህ ነጥብና ሰረዝ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው የሚለኝ ሰው ለእነዚያ ሾፌሮች ሄዶ ይንገራቸው።

ስፔሊንግን በተመለከተ ግን ራሳችሁን አትውቀሱ። እንግሊዝኛ ስፔሊንጉ በእርግጥ አስቸጋሪ ነው፣ ለራሳቸው ለፈረንጆቹም አስቸጋሪ ነው። «ናይት» ብለው የሚጠሩትን የድሮ ፈረሰኛ ጦረኛ በስድስት ፊደል ይጽፉታል፤ ኬ፣ ኤን፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ። ጥንት ኬውም ጂኤቹም ይነበቡ ነበር። ካክስተን የሚባለው ሰው በ1476 እንግሊዝ አገር ማተሚያ ተከለ፣ ቀስ በቀስ አጻጻፉ በኅትመት ረጋ፣ የሰው አፍ ግን መለወጡን ቀጠለ። ድምፁ ሄደ፣ ፊደሉ ቀረ። በ1828 አሜሪካዊው ዌብስተር ትልቁን መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ አንዳንዱን አቃለለው፤ አሜሪካ «ከለር» ሲጻፍ እንግሊዞች የሚጨምሩት ዩ የሌለው በእሱ ወገን ስላለን ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀን እናስብ። ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን። በግእዝ ዘመን የተለያየ ድምፅ ነበራቸው፣ ዛሬ በአማርኛ አንድ ሆነዋል፣ ፊደሉ ግን አለ። «ንጉሥ»ን በየትኛው ሠ እንደምንጽፍ አያቶቻችን በቃል ይዘውታል። «ገና» ብለን ስንጽፍም በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ ጠብቆ ይነበብ ላልቶ ፊደሉ አይነግረንም፤ ከነገሩ እንረዳለን። ይህን የቻለ ሕዝብ የእንግሊዝኛን ስፔሊንግ ይችላል። የሚያስፈልገው ማየት፣ መጻፍ፣ ደግሞ ማየት ብቻ ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? ከዚያ ቅጣት ከሦስት ወር በኋላ በአቅራቢያዬ ባለ ላይብረሪ በነጻ የሚሰጥ የማታ ክፍል ገባሁ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት። የመጀመሪያ ቀን «ትናንት ያደረጋችሁትን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ተባልን። የእኔ ወረቀት 17 ቦታ ቀልቶ ተመለሰ። ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ነበር። አጠገቤ ግን አንዲት እናት ተቀምጠዋል፣ የጎንደር ሰው፣ 67 ዓመታቸው። የእሳቸው ደግሞ ከእኔም የባሰ ቀልቷል። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን አስጨነቀዎት?» አልኳቸው። «የልጅ ልጄ ልደት ሲደርስ ካርዱ ላይ የምለውን ሌላ ሰው ይጽፍልኛል። አንድ ቀን በእጄ ልጽፍላት ብዬ ነው። አንተ ግን ልጄ፣ የምታፍረው ከማን ነው? ከእኔ?» አሉኝ። ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ።

እዚያ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንስታቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፣ ተመሳሳይ ናቸው።

አንደኛው ከላይ ያልኩት የቃላት ቅደም ተከተል ነው። ማን፣ ምን አደረገ፣ ማንን። ከዚህ አትውጡ።

ሁለተኛው አለመጨረስ ነው። በአማርኛ «ሄጄ፣ አሳፍሬ፣ አድርሼ፣ ገንዘቡን ተቀብዬ፣ ተመለስኩ» ብለን በአንድ ትንፋሽ እንወርዳለን፣ ያምራልም። በእንግሊዝኛ እንዲያ ስንጽፍ ገመዱ ይተበተባል። አንድ ድርጊት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ነጥብ። ነጥብ በነጻ ነው፣ አትቆጥቡት።

ሦስተኛው «ዘ» እና «ኤ» ናቸው። እኛ «መኪናው» ስንል ው ከኋላ ተለጥፋለች፤ እነሱ ከፊት «ዘ» ይላሉ። አንባቢው የትኛዋን መኪና እንደሆነ ካወቀ «ዘ»፣ ካላወቀ «ኤ» ብላችሁ ጀምሩ። ሁሉንም አይፈታም፣ ብዙውን ግን ይፈታል።

አራተኛው፣ ለእኛ ዕቃ ሁሉ ወንድ ወይም ሴት ነው። ለዚህ ነው ሜካኒክ ጋ ሄደን «ሺ ኢዝ ኖት ስታርቲንግ» ስንል ሚስታችንን የምናማ የሚመስለው። ለዕቃ «ኢት» በቂ ነው።

አምስተኛው ጊዜ ነው። ያለፈ ነገር ስትጽፉ ግሡን በኃላፊ አድርጉ፤ «ዲድ» ከገባ ግን ኃላፊነቱን እሱ ወስዷል፣ ግሡን ተዉት። «ዲድ ኖት ዌንት» አይባልም፣ «ዲድ ኖት ጎ» ነው።

ስድስተኛው ትልቁ ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ሁሉም እኩል ነው። የእነሱ ግን ስምን፣ ቀንን፣ ወርን፣ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያን በትልቅ ይጽፋሉ። ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው ይህን ነው። አያግባባም አይባልም፤ ግን ሰውዬው ገና ጉዳይህን ሳይሰማ ፊቱን ያጠቁርብሃል።

እነዚህን ስድስት ነገሮች ለመያዝ ዲግሪ አያስፈልግም። የእኔ ትምህርት ቤት ይኼ የኤርፖርት ሰልፍ ነው። ኪሴ ውስጥ ደብተር አለ፣ በቀን አምስት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ልጄ ማታ ታርመዋለች። ዛሬ የምታርመው ክሴን ሳይሆን የቤት ሥራዬን ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዚህ ቤት ማን አባት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ቀይ እስክሪብቶው ግን የእሷ ነው።

ባለፈው ክረምት ያላጠፋሁት የፓርኪንግ ቲኬት መጣብኝ። መልሱን ራሴ ጻፍኩ። ስድስት ዓረፍተ ነገር ነበር። መኪናዬ ያን ቀን የት እንደነበረች፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ማስረጃው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደምጠይቅ፣ በቃ። ከመላኬ በፊት ጮክ ብዬ ለራሴ አነበብኩት፤ አንድ ቦታ ላይ ምላሴ ሲደናቀፍ ነጥብ መጉደሉን አገኘሁት። ከአንድ ወር በኋላ ቲኬቱ ተሰረዘ። 50 ዶላር ነው፣ የድሮውን 500 አይመልስም። ደብዳቤውን ግን አልጣልኩትም።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለአዋቂዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት አለው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ላይብረሪያችሁን ጠይቁ፣ አውሮፓ ያላችሁ በየከተማችሁ ያለውን የአዋቂ ክፍል ጠይቁ። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ እናንተ ክፍል መግባት እንደማትችሉ አውቃለሁ፤ የሥራ ውላችሁም በዓረብኛ ነው። የእኔ ምክር ለእናንተም ያው ነው። የምትፈርሙበት ወረቀት ላይ ያሉትን ቃላት በየቀኑ አንድ አንድ እያላችሁ ለዩ። ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ ፓስፖርት። ከእነዚህ ጀምሩ።

ለማኅበሮቻችንና ለአብያተ ክርስቲያናቱ፣ ለመስጊዶቹም አንድ ነገር ልበል። ቅዳሜና እሑድ ልጆቻችንን አማርኛ ታስተምራላችሁ፣ ክብረት ይስጥልን። ወላጆቹ ግን ያን ሁለት ሰዓት ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብለን ዩቲዩብ እናያለን። ጎን ያለችውን ክፍል ክፈቱልን። እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች አሉን፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ያስተምሩን። ልጅ አማርኛ፣ አባት እንግሊዝኛ ተምሮ በአንድ መኪና ወደ ቤት ይግባ።

ለእኛ ለሾፌሮች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። የገንዘብ ዕቁብ መግባት ማን ያህለናል? የደብዳቤ ዕቁብ እንጀምር። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰልፉ ሲረዝም፣ ባለ ተራው የመጣበትን ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ራሱ መልሱን ጽፎ ይመጣል፣ አምስት ስድስት ሆነን እናርምለታለን። መሳቅ ክልክል ነው፤ የሳቀ ለሁሉም ቡና ይገዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የእኛ አንበሳ እኮ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ያ ጉዳዬን ያየው ሰውዬ ዛሬ ቢያገኘኝ ያችን ዓረፍተ ነገር አስተካክዬ እነግረው ነበር፦ «ዘ ፓሴንጀር ሪፊውዝድ ቱ ፔይ ሚ።» ስድስት ቃል ናት። ለልጄ ግን ነግሬያታለሁ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩላትና አሳየኋት። አየችውና «ኦ፣ እሷ ናታ እምቢ ያለችው» አለች። አዎ ልጄ፣ እሷ ናት።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ተራዬ እየደረሰ ነው። ማክሰኞ ማታ ጀምሮ ዕቁቡ ውስጥ የሚገባ ስሙን ከታች ይጻፍ። በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ፤ ስፔሊንግ ብትስቱ የሚስቅባችሁ የለም። ቸር ይግጠመን።